የጭን አጥንት ስብራት ሕክምና በወሎ፦ 26 ቀን ከእናቴ አልጋ አጠገብ

ባለፈው ክረምት፣ በነሐሴ ወር አጋማሽ፣ እናቴ አምባሰል ካለው ቤታችን ጓሮ ለሱብሂ ሶላት ውዱእ ልታደርግ ወጥታ ሳለ ዝናብ ያረሰረሰው ድንጋይ አንሸራቷት ወደቀች። የወደቀችው በቁመቷ ልክ ነው፤ ከገደል አልተንከባለለችም፣ ከበቅሎ አልተጣለችም፣ መኪናም አልገጫትም። ነገር ግን መነሣት አቃታት። ቀኝ እግሯ ከግራው አጠር ብሎ፣ የእግሯ ጣቶች ወደ ውጭ ዞረው ነበር። እነዚህ ሁለት ምልክቶች የጭን አጥንት የላይኛው ጫፍ፣ ከዳሌ ጋር በሚገጥምበት አካባቢ፣ መሰበሩን ራጅ ከመነሣቱ በፊት የሚናገሩ መሆናቸውን ያን ዕለት አላወቅሁም። ያወቅሁት ከ2 ቀን በኋላ ሆስፒታል ስንደርስ፣ የድንገተኛ ክፍሉ ሐኪም ገና ቃሬዛው ላይ እንዳያት «ዳሌዋ አካባቢ ነው» ብሎ ሲናገር ነው።

ይህ ጽሑፍ ከኮምቦልቻ እስከ ወልድያ ባለው መንገድ ዳር ከሚገኙት የመንግሥት ሆስፒታሎች በአንዱ፣ በአጥንት ሕሙማን ክፍል፣ በአስታማሚነት ባሳለፍኳቸው 26 ቀናት ስላየሁት አገልግሎት ነው። የሆስፒታሉን ስም አልጠቅስም፤ የምፈልገው ነገ እናቱን ወይም ልጁን አሸክሞ የሚሄድ ሰው ምን እንደሚጠብቀው፣ ምንስ መጠየቅ እንዳለበት አውቆ እንዲሄድ ነው። ፍርዴን ግን አላዘገይም። ቀዶ ሕክምናው መልካም ነው፣ የሐኪሞቹም እጅ የሚታመን ነው። ጉድለቱ ያለው ወረፋው ላይ ነው። ወረፋው የ7 ዓመት እረኛን፣ የ24 ዓመት የባጃጅ ሹፌርንና የ70 ዓመት አሮጊትን «የጭን አጥንት ስብራት» በሚል በአንድ ስም ጽፎ በአንድ መስመር ያሰልፋቸዋል፤ የሦስቱ ሕመም ግን በመነሻውም፣ በአደጋውም፣ በጊዜውም የተለያየ ነው።

ካርድ ክፍል ዕድሜዋን ሲጠይቁኝ በትክክል መመለስ አልቻልኩም። እናቴ የተወለደችበትን ዓመት አታውቀውም፤ የምታውቀው በ66ቱ ድርቅ የመጀመሪያ ልጇን አዝላ እንደነበር ነው። መዝጋቢው ሳይቸኩል «ሲዳሩ ስንት ዓመትዎ ነበር፣ እማማ?» ብሎ ጠይቋት፣ አብረን አስልተን 70 ብሎ ጻፈ። ለዚህ ትዕግሥቱ አመሰግነዋለሁ፤ ምክንያቱም በዚህ ሕመም ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለባቸው ነገሮች ዕድሜና ጾታ ናቸው። የሰው አጥንት እስከ 30 ዓመት ገደማ እየዳበረ ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ዘመን የተጠራቀመውን እየቀነሱ መኖር ነው። ሴት ደግሞ የወር አበባዋ ሲቋረጥ አጥንቷን ሲጠብቅላት የኖረው ኤስትሮጂን የተባለው ሆርሞን ስለሚያንስ፣ በመጀመሪያዎቹ 5 እስከ 7 ዓመታት ብቻ ከአጥንቷ ክምችት እስከ 20 በመቶ ልታጣ ትችላለች። እናቴ አጥንት በሚጠራቀምበት ዕድሜዋ የ66ቱን ድርቅ በ20 ዓመቷ ገደማ፣ የ77ቱን በ30 ዓመቷ ገደማ አሳልፋለች፤ በዚያ መካከል እያረገዘችና እያጠባች 6 ልጆች አሳድጋለች። ሐኪሙ ራጁን በመስኮቱ ብርሃን ላይ ይዞ አጥንቷ ምን ያህል እንደሳሳ ሲያሳየኝ በልቤ የቆጠርኩት እነዚያን ዓመታት ነበር።

ከመውደቋ በኋላ የባከኑት 2 ቀናት የሆስፒታሉ አይደሉም፤ የእኛ ናቸው። መጀመሪያ የጠራነው በአካባቢያችን የተከበረ ወጌሻ ነው። ቅቤ ቀብቶ አሻት፣ ጎተተ፣ በቀርከሃ አሰረ። በማግስቱ ግን እግሩ እንደገና አጥሮ ሲያገኘው «ይህ የእኔ ሥራ አይደለም፣ ውሰዷት» አለን፤ ይህን በማለቱ እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ። የእጅ አንጓ ወለምታ ሲያስተካክል፣ የወጣ ትከሻ ሲመልስ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ጭን ግን ሌላ ነው። የጭን አጥንት ከሰውነት አጥንቶች ሁሉ ረጅሙና ጠንካራው ነው፤ ከሰው ቁመት ሩብ ያህሉን ይይዛል። በዙሪያው ያሉት ጡንቻዎችም እጅግ ኃይለኞች በመሆናቸው፣ አጥንቱ ሲሰበር የተሰበሩትን ሁለት ጫፎች እየሳቡ ያደራርቧቸዋል። በውጭ የታሰረ ቀርከሃ ይህን ጉልበት ሊገታ አይችልም፤ ይበልጥ ጠብቆ ሲታሰር ደግሞ የደም ዝውውሩን ዘግቶ እግሩን እስከማስቆረጥ ሊያደርስ ይችላል።

የአጥንት ክፍሉ ሁለት ሰፋፊ ክፍሎች አሉት፤ አንዱ የወንዶች፣ አንዱ የሴቶችና የሕፃናት ነው። እኔ የነበርኩት በሴቶቹ ቢሆንም፣ የጎረቤታችን ልጅ ከእኛ 3 ቀን ቀድሞ በወንዶቹ ክፍል ተኝቶ ስለነበር ምግብ ሳደርስ በየቀኑ እገባ ነበር። ያየሁት ልዩነት ማንም አስታማሚ ሊያስተውለው የሚችል ነው። በሴቶቹ ክፍል ጭናቸው ተሰብሮ ከተኙት 6 ሕመምተኞች 4ቱ አሮጊቶች ሲሆኑ፣ አራቱም የወደቁት ከቤታቸው ደጃፍ ሳይርቁ ነው፤ አንዷ ከመደብ ስትወርድ፣ አንዷ በግ ስታስገባ፣ አንዷ ሌሊት ለሽንት ስትወጣ፣ አንዷ እናቴ። የቀሩት ሁለቱ ሕፃናት ነበሩ። በወንዶቹ ክፍል ደግሞ ጭናቸው ከተሰበረው 11 ሰዎች 9ኙ ከ35 ዓመት በታች ነበሩ፤ ያመጣቸውም ባጃጅ፣ ሞተር ሳይክል፣ አይሱዙ፣ ከግንባታ እንጨት ላይ መውደቅ፣ አንዱን ደግሞ ጥይት ነው። የእናቴ ሐኪም እንዳስረዳኝ ይህ የአንድ ክረምት አጋጣሚ አይደለም። በዓለም ዙሪያ የዚህ አጥንት ስብራት በዕድሜ ሲደረደር ሁለት ጉብታዎች ይታዩበታል፤ አንደኛው በወጣት ወንዶች ላይ፣ ሁለተኛው በዕድሜ በገፉ ሴቶች ላይ። የመጀመሪያው ጉብታ ከባድ ኃይል ጤነኛ አጥንትን የሰበረበት ነው፤ ሁለተኛው ቀላል ኃይል የደከመ አጥንትን የሰበረበት ነው።

ወጣቶቹን በሚመለከት አገልግሎቱ ከጠበቅሁት በላይ ነው። የወንድ ወጣት ስብራት አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው በአጥንቱ መካከል፣ በዘንጉ ላይ ነው። ቆዳው ሳይቀደድ እንኳ ከ1 እስከ 1.5 ሊትር ደም ወደ ጭኑ ውስጥ ሊፈስ ይችላል፤ የአንድ ጎልማሳ ሰውነት 5 ሊትር ገደማ ደም ብቻ እንዳለው ለሚያስብ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው። የጎረቤታችን ልጅ ከሐረጎ ቁልቁለት ላይ ባጃጁ ተገልብጦበት ሲመጣ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። የድንገተኛ ክፍሉ ሠራተኞች በሁለቱም ክንዱ መርፌ ሰክተው ፈሳሽና ደም ሲሰጡት፣ እግሩንም ስበው ሲያስሩት፣ ራጁ እስኪመጣ አልጠበቁም። እኔን ያሳዘነኝ ከዚያ በፊት ያለው መንገድ ነው። ልጁን ያመጡት በጭነት መኪና ላይ፣ እግሩ ያለ ምንም መደገፊያ እየተወዛወዘ ነው፤ በመንገዱ ጉድጓድ ሁሉ ስብራቱ ሥጋውን እየወጋ ማለት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ ሐኪሞች የቶማስ መደገፊያ የሚባለውን፣ ሁለት ዘንግና አንድ ቀለበት ብቻ ያለውን ብረት፣ ከጦር ሜዳው ጀምረው ማሰር ሲጀምሩ በጭን ስብራት የሚሞተው ወታደር ቁጥር በእጅጉ ቀንሷል። አንድ ብረት ሠራተኛ በግማሽ ቀን ሊሠራው የሚችል ዕቃ ነው። በየጤና ጣቢያውና በየአምቡላንሱ ቢኖር ምን ያህል እናቶች ልጃቸውን በጤና በተቀበሉ ነበር።

በዘንጉ ላይ ለተሰበረ አጥንት የሚደረገው ሕክምና በአጥንቱ ውስጠኛ ቦይ ረጅም ብረት ማስገባት ነው። ይህን ዘዴ ጌርሃርድ ኩንቸር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1939 ነው የጀመረው። ከዚያ በፊት፣ ብዙ ቦታም ከዚያ በኋላ፣ የተሰበረው ሰው ከጉልበቱ በታች ባለው አጥንት ሽቦ ገብቶለት፣ በሽቦው ላይ ክብደት ተንጠልጥሎ፣ ከ6 እስከ 12 ሳምንት በጀርባው ይተኛ ነበር። እዚህ ሆስፒታል የሚያስገቡት ሐኪሞቹ «ሳይን» የሚሉትን ብረት ነው። ይህ ብረት እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት በዶክተር ሉዊስ ዘርክል የተመሠረተ ድርጅት አቅም ለሌላቸው አገሮች ሆስፒታሎች የሚሰጠው ሲሆን፣ በቀዶ ክፍሉ ውስጥ ተንቀሳቃሽ የራጅ ማሽን ባይኖር እንኳ ሐኪሙ የብሎኖቹን ቀዳዳ ከውጭ በሚገጠም መለኪያ እንዲያገኝ ታስቦ የተሠራ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ በአካባቢው የጤና ተቋማት ላይ ዝርፊያና ውድመት ከደረሰ ወዲህ፣ ብዙ ማሽን ሳይፈልግ የሚሠራ ዕቃ ለእኛ አገር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማንም መንገር አያስፈልግም። የጎረቤታችን ልጅ ብረቱ በገባለት በማግስቱ በክራንች ቆመ፤ በሳምንቱ ወደ ቤቱ ሄደ። አጥንቱ ሙሉ በሙሉ እስኪገጥም ከ4 እስከ 6 ወር እንደሚወስድ ነግረውታል።

ከሕፃናቱ አንዱ ከብት ሲጠብቅ ከዛፍ የወደቀ የ7 ዓመት ልጅ ነው፤ ሌላዋ ታላቅ ወንድሟ አዝሏት ሲሮጥ አብረው የወደቁ የ3 ዓመት ልጅ ናት። በሕፃናትም ዘንድ ወንዶቹ ይበዛሉ፤ ዛፍ የሚወጡትም፣ ገደል ለገደል የሚሮጡትም እነሱ ናቸውና። የሕፃን አጥንት ቶሎ ይገጥማል፤ ጨቅላ ከ3 እስከ 4 ሳምንት፣ የትምህርት ቤት ዕድሜ ላይ ያለ ልጅ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይበቃዋል። ትንሿን ልጅ ከደረቷ በታች ጀምሮ እስከ ቁርጭምጭሚቷ በጄሶ አሰሯት፣ ሌላ ምንም አላስፈለጋትም። የወንዱን ልጅ እናት ግን ለቀናት እንቅልፍ ያሳጣት ነገር ነበር። ራጁ ላይ የልጇ አጥንት ትክክል ለትክክል አልገጠመም፤ ሁለቱ ጫፎች ትንሽ ተደራርበው ይታያሉ፤ እሷም ልጄን አንካሳ አደረጉብኝ ብላ ታለቅስ ነበር። ከ2 እስከ 10 ዓመት ባለ ልጅ የተሰበረው አጥንት ከጤነኛው ይልቅ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ጨምሮ ስለሚያድግ፣ ሐኪሞች ትንሽ መደራረብን አውቀው እንደሚተዉት አንድ ሰው በሁለት ዓረፍተ ነገር ቢነግራት ኖሮ ያ ሁሉ እንባ አይፈስም ነበር። በመጨረሻ የነገረቻት የሌሊት ተረኛ ነርስ ናት። የሚታከም ሰው አጠገብ ቆሞ ማስረዳት የሕክምናው አንድ ክፍል ተደርጎ ስላልተያዘ፣ ይህን በጉድለትነት እመዘግባለሁ።

አሁን ወደ አሮጊቶቹ ልመለስ፤ ለዚህ ጽሑፍ ያነሣሡኝ እነሱ ናቸው።

የእናቴ ስብራት ከአጥንቱ አንገት ዝቅ ብሎ፣ የዳሌ ጡንቻዎች በሚያያዙበት ጎባጣ ቦታ ላይ ነው። ይህ ቦታ ደም በደንብ ስለሚያገኝ በሰሌዳና በብሎን ከተያዘ ይገጥማል። በአጠገቧ የተኙት እናት ስብራት ደግሞ ከዚያ 3 ጣት ያህል ከፍ ብሎ በአንገቱ ላይ ነበር፤ ያች 3 ጣት ሁሉን ነገር ትለውጣለች። ወደ አጥንቱ ክብ ራስ የሚሄዱት የደም ሥሮች በአንገቱ በኩል ስለሚያልፉ፣ አንገቱ ተሰብሮ ቦታውን ሲለቅ ራሱ ደም አጥቶ ሊሞት ይችላል፤ ስለዚህ በዕድሜ ለገፋ ሰው ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ራሱን አውጥቶ በሰው ሠራሽ መተካት ነው። እዚህ ይህ አይሠራም። ወደ አዲስ አበባ እንዲሄዱ የማስተላለፊያ ወረቀት ተጻፈላቸው። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው፤ ልጆቻቸው 4 ቀን ተማክረው፣ በሬ ሸጠው፣ በአምስተኛው ቀን ወሰዷቸው። ሁለቱ እናቶች በአንድ ሳምንት ውስጥ በተመሳሳይ አወዳደቅ ወድቀው፣ አንዷ በአገሯ ታከመች፣ ሌላዋ ቤተሰቡን ጥሪት አስሸጡ። ለአሮጊት ሴቶች ይህን ያህል ተደጋጋሚ የሆነ ቀዶ ሕክምና በወሎ ምድር ቢሰጥ የሚለው ምኞቴ ከዚያን ቀን ጀምሮ አብሮኝ አለ።

እናቴ ከገባችበት ቀን እስከ ቀዶ ሕክምናዋ 12 ቀን ጠበቀች። ለዚህ ዓይነት ስብራት በዓለም ላይ የሚመከረው ሕመምተኛው በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲታከም ነው። ሁለት ጊዜ ከእኩለ ሌሊት ጀምራ ሳትበላ ሳትጠጣ አድራ፣ ሁለቱንም ጊዜ በመንገድ አደጋ የተጎዱ ሰዎች መጥተው ተራዋ ተላለፈ። ደም እየፈሰሰው የመጣ ሰው መቅደሙን አልቃወምም፣ እናቴም አልተቃወመችም፤ «የሰው ልጅ ነው፣ ይዳን» ብላ ነው ሁለቱንም ቀን ውሃ የጠጣችው። የምቃወመው በሌሎቹ 10 ቀናት የሆነውን ነው። በእነዚያ ቀናት ደማቸው የቆመ፣ እግራቸው በክብደት የተሳበ፣ ሳምንት ቢቆዩ ብዙም የማይጎዱ ወጣቶች በካርድ ቁጥራቸው ቅደም ተከተል እየተጠሩ ሲገቡ፣ አሮጊቶቹ የካርድ ቁጥራቸው እስኪደርስ ተኙ። ወጣቱ ሲጠብቅ ጊዜውን ያጣል፤ አሮጊቷ ስትጠብቅ ሕይወቷን ልታጣ ትችላለች። ሳንባዋ ውስጥ አክታ ይከማቻል፣ እግሯ ውስጥ ደም ይረጋል፣ የሽንት ቧንቧዋ ያመረቅዛል፣ ጀርባዋ ይላጣል። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች በዳሌ አካባቢ ጭናቸው ከተሰበረ አረጋውያን ውስጥ ከ20 እስከ 30 በመቶ ያህሉ በ1 ዓመት ውስጥ እንደሚሞቱ ያሳያሉ። ከተሰባሪዎቹ አብዛኞቹ ሴቶች ቢሆኑም፣ በዚሁ ስብራት የሚወድቁ ሽማግሌ ወንዶች ደግሞ ከሴቶቹ በበለጠ ይሞታሉ፤ በወንዶቹ ክፍል በር አጠገብ የተኙት አባት ወረፋቸው ሳይደርስ በ9ኛው ቀን ነፍሳቸው ወጣች።

በ5ኛው ሌሊት እናቴ አእምሮዋ ተዘበራረቀ። ከሞተች 15 ዓመት ያለፋትን እህቷን እየጠራች ታወራ ጀመር፣ የተሰካላትን መርፌ ነቀለች። ሊጠይቁ የመጡ ዘመዶች ጂን ነክቷታል፣ ወደ ሸኹ እንውሰዳት አሉ። ያችው የሌሊት ነርስ ዘመዶቻችንን ሳታንቋሽሽ፣ ሸኹ እዚሁ መጥተው ዱዓ ቢያደርጉላት ደስ እንደሚላት ነግራ፣ እሷ ግን በዕድሜ የገፋ ሰው አጥንቱ ሲሰበር በሕመሙ፣ በውሃ ማነስና በእንቅልፍ ማጣት እንዲህ እንደሚሆን አስረዳችን። ውሃ በማንኪያ እንድሰጣት፣ ቀን ወደ መስኮቱ እንዳዞራት፣ መነጽሯን ከቤት እንዳስመጣ አዘዘችኝ። በ3 ቀን ውስጥ ተመለሰች። ጀርባዋ ሲቀላም በየ2 ሰዓቱ እንዴት እንደማገላብጣት፣ በጉልበቶቿ መካከል ትራስ እንዴት እንደማደርግ ያሳየችኝ እሷው ናት። በዚህ ክፍል ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው አገልግሎት የእነዚህ ነርሶች እንክብካቤ ነው ብዬ ያለ ምንም ማመንታት እመሰክራለሁ። ለ17 ሕመምተኛ በአንድ ሌሊት 2 ነርስ ብቻ እየተመደበ ይህን መሥራታቸው ሊታሰብ ይገባል።

ቀዶ ሕክምናው ነሐሴ 29 ቀን ተደረገ። ከወገብ በታች ብቻ የሚያደነዝዝ መርፌ ስለተሰጣት ነቅታ እያወራች ነው የገባችው፤ 2 ሰዓት ያህል ፈጀ። የአክስቴ ልጅና ወንድሜ ደም ሰጥተው ነበር። ሐኪሙ ወጥቶ ራጁን ሲያሳየኝ ቀደም ሲል በራጅ ያየሁት የተጣመመ አጥንት ቀጥ ብሎ፣ ብረቱ በጥሩ ሁኔታ ተቀምጦ ነበር። ቁስሉ አላመረቀዘም። አዲሱን ዓመት የተቀበልነው እዚያው ክፍል ውስጥ ነው፤ የክርስቲያኖቹ አስታማሚዎች ቡና አፍልተው፣ ቄጠማ ጎዝጉዘው፣ ለሁላችንም ዳቦ ቆረሱ፤ እናቴም ከአልጋዋ ላይ ሆና መረቀች።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለው ክፍል ደካማ ነው። ብረት የሚገባው ሰው በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን እንዲቆም ነው፤ የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያው ግን በ14 ቀን ውስጥ ወደ እናቴ የመጣው 2 ጊዜ ብቻ ነው። ወጣቶቹ ክራንች ይዘው ራሳቸው ይለማመዳሉ፤ አሮጊት ግን የሚይዛት ሰው ካልመጣ አትነሣም፣ እኛም ብረቱ እንዳይነቀል ፈርተን አላነሣናትም። መፍራታችን ስሕተት እንደነበር ያወቅሁት በ2ኛው ጉብኝቱ «እግሯን ትርገጥበት፣ ብረቱ ይሸከማታል» ሲለን ነው። ይህን ቃል በመጀመሪያው ቀን ብንሰማው ብዬ እቆጫለሁ። በአራት እግር የሚቆመው መደገፊያ በሆስፒታሉ ስላልነበረ ከተማ ውስጥ ብየዳ ቤት ልኬቷን ሰጥተን አሠራን፤ ጥሩ ሆኖ ተሠርቷል፣ ለሌሎችም ይህንኑ እመክራለሁ። በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን ተመዝግበን ስለነበር አልጋውም ቀዶ ሕክምናውም አላስከፈለንም፤ አንዳንድ መድኃኒትና የቁስል መሸፈኛ ግን ከውጭ እንድንገዛ ታዘናል።

ስትወጣ የተሰጠን ወረቀት ቁስሏ የሚታይበትንና ራጅ የምትነሣበትን ቀን ይናገራል። ስለ ሳሳው አጥንቷ ግን አንድም ቃል አልነበረበትም። አንዴ በቀላል አወዳደቅ የተሰበረ አረጋዊ እንደገና የመሰበር ዕድሉ ከሌላው ሰው ይበልጣል፤ ስለ ካልሲየም፣ ስለ ቫይታሚን ዲ፣ ስለ ዓይኗ፣ ስለ ቤቱ ደረጃ የጠየቀን የለም። ጠይቄ ያገኘሁትን መድኃኒት እየወሰደች ነው፤ የጓሮውን ድንጋይ ወንድሜ አንሥቶ ሻካራ ንጣፍ አድርጎበታል፣ ለውዱእም ከዚያ በኋላ ውሃውን በጆግ ወደ ውስጥ እናስገባላታለን።

በ6 ሳምንትና በ3 ወር ለቀጠሮ ተመልሰናል። በ3 ወሩ እናቴ በከዘራ ብቻ ሄዳ ገባች፤ ቀኝ እግሯ በ1 ሴንቲ ሜትር ያህል አጥሯል፣ በጫማዋ ውስጥ በምትጨምረው ቁራጭ ቆዳ ታስተካክለዋለች። የቀጠሮ ክፍሉ ጠዋት 2 ሰዓት ይከፈታል፣ ወረፋው ግን ከ12 ሰዓት ጀምሮ ስለሚያዝ ከሩቅ የሚመጣ ሰው ከተማ ማደር አለበት። የድሮውን ራጅ በፖስታው ይዛችሁ ሂዱ፤ ሆስፒታሉ ቅጂ አያስቀምጥም፣ ሐኪሙም አዲሱን ያለ አሮጌው ማወዳደር አይችልም። አረጋዊ ይዛችሁ የምትገቡ ደግሞ ገና በመጀመሪያው ቀን የክፍሉን ኃላፊ ፈልጋችሁ ዕድሜውን ንገሩት፣ ቀዶ ሕክምናው በስንተኛው ቀን እንደሚሆን ጠይቁት፣ መልሱን እስክታገኙም በየጠዋቱ እየሄዱ መጠየቅን አትፈሩ፤ ከእኛ በኋላ የገባች አንዲት ልጅ ለአያቷ እንዲህ አድርጋ በ4ኛው ቀን አስገብታቸዋለች።